የወፍጮው ሞተር ለምን ይንቀጠቀጣል?

የመንደሩ ወፍጮ ሲቆም ጭንቁ የሁላችንም ነው። እናቶችና እኅቶች እህሉን ተሸክመው ሩቅ ይሄዳሉ፤ ያለዚያም ወደ እጅ ወፍጮ ይመለሳሉ። ሞተር ግን ብዙውን ጊዜ በድንገት አይሞትም። አስቀድሞ ምልክት ይሰጣል። አንዱ ምልክት መንቀጥቀጥ ነው።

ባለ አንድ ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ጤነኛም ሆኖ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ምክንያቱን እንመልከት። ፒስቶኑ ሁለት ጊዜ ወጥቶ ሁለት ጊዜ ሲወርድ ናፍጣው የሚቃጠለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በዚህ መሐል ሞተሩ ሁለት ዙር ይዞራል። ስለዚህ በደቂቃ 600 ጊዜ የሚዞር ሞተር ጉልበት የሚያገኘው 300 ጊዜ ነው። በተረፈው ጊዜ የሚያዞረው መካኒኮች ቮላኖ የሚሉት ከባድ መንኮራኩር ነው። ፍጥነቱ ሲቀንስ ምቱ ይራራቃል፤ መንቀጥቀጡም ጎልቶ ይታያል። የሚያሳስበን ከወትሮው ሲበዛ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ከቀላሉ እንጀምር።

አንደኛ፣ ሞተሩን እናጥፋ። መዞሩን ፈጽሞ ሲያቆም ቺንጋውን እናውልቅ። ከዚያ ሞተሩን ብቻውን በዝግታ እናስነሳው። መንቀጥቀጡ ከጠፋ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ በቺንጋው ወይም በወፍጮው በኩል ነው። ካልጠፋ በሞተሩ ወይም በመሠረቱ ላይ ነው።

ሁለተኛ፣ ሞተሩን እንደገና አጥፍተን ከመሠረቱ ጋር የያዙትን ብሎኖች እንይ። የላላውን እናጥብቅ። ሲሚንቶው ከተሰነጠቀ ግን ብሎን ማጥበቅ ብቻውን አይበቃም።

ሦስተኛ፣ ድምፁን እናዳምጥ። ዱብ ዱብ ሲል ቆይቶ አንዳንዴ ምት የሚዘል ከሆነ ናፍጣው በደንብ አልደረሰው ይሆናል። ፊልትሮው ቆሽሾ፣ ናፍጣው ውሃ ተቀላቅሎበት ወይም ቱቦው ውስጥ አየር ገብቶ እንደሆነ ይታይ።

አራተኛ፣ ሞተሩ ሲሞቅ ጭሱን እንይ። ጥቁር ጭስ ናፍጣ መብዛቱን ወይም አየር ማነሱን ያመለክታል። ነጭ ጭስ ናፍጣው ሳይቃጠል እንደሚወጣ ወይም ውሃ ወደ ሲሊንደሩ እንደገባ ይነግረናል። ሰማያዊ ጭስ የሞተር ዘይት ሲቃጠል ነው።

ከዚህ ያለፈውን ለመካኒክ እንተወው። ከኢንጄክተር የሚረጭ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል። ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ሰውየው ቶሎ ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት። ቺንጋው ሲዞርም ልጆች አይቅረቡ፤ ነጠላና ጋቢም ይሰብሰብ።

«ዛሬን እንደምንም ይፍጭልን» እያልን የታመመ ሞተር ብናሠራ በአንድ ብሎን የሚድነው ነገር መሠረቱን እስከ መሰንጠቅ ይደርሳል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፣ ያየነውን ሁሉ ለመካኒኩ እንንገረው።

ጥያቄዎች
1. ቺንጋውን አውልቀን ሞተሩን የምናስነሳው ለምንድን ነው?
2. ምት የሚዘል ሞተር ምን ጎድሎት ሊሆን ይችላል?
3. በመንደራችሁ ያለው የወፍጮ ሞተር ጭሱ ምን ዓይነት ነው? አይታችሁ ተወያዩበት።