ስለ እራፊ ጨርቅና ስለ እጅ ሥራ

ልጆች ሆይ፥ በአዲስ አበባ ከተማ በሰሜን ምሥራቅ በኩል፥ ከእንጦጦ ተራራ በታች በየካ ክፍለ ከተማ፥ ሾላ ገበያ የሚባል ታላቅ ገበያ አለ። ሾላ የዛፍ ስም ነው፤ ጥላው ሰፊ ነው፥ ፍሬውም ይበላል። በገበያውም እህልና ቅመም፥ ቅቤና ልብስ ይሸጣል። ጨርቅ የሚሸጡ ነጋዴዎችና በመኪና የሚሰፉ ልብስ ሰፊዎችም በዚያ ይገኛሉ።

ጨርቅ ሲሸመን አራት ማዕዘን ሆኖ ይሸመናል፤ የሰው አካል ግን አራት ማዕዘን አይደለም። አንገቱ ክብ ነው፥ ትከሻውም ዘንበል ያለ ነው። ስለዚህ ልብስ ሰፊው ቀሚስ ወይም ሸሚዝ ለመስፋት ጨርቁን በመቀስ ሲቀድ፥ ከአንገቱና ከእጅጌው አጠገብ ትንንሽ ቍራጭ ይተርፋል። ይህ ቍራጭ እራፊ ይባላል። አንዱ ቀይ፥ አንዱ ሰማያዊ፥ አንዱም አበባ የታተመበት ነው። ለብቻው ሲታይ ለመሐረብ እንኳ አይበቃም። ስለዚህ ብዙ ሰው ይረግጠዋል፥ በመጥረጊያም ጠርጎ ያወጣዋል። ዛሬ የምንማረው ይህ የሚረገጥ ነገር የሚከበር ስጦታ የሚሆንበትን ብልሃት ነው።

በአገራችን እራፊ በእራፊ ላይ እየተደረበ የተሰፋ ልብስ ድሪቶ ይባላል። ድሪቶ የድኻ ልብስ ነውና፥ ስሙ እንደ ስድብ ሆኖ ኖረ። ነገር ግን እስቲ እናስተውል፤ ድሪቶ ምን ይነግረናል? አንዲት እናት በብርድ ሌሊት ለልጅዋ የምታለብሰው ባጣች ጊዜ እጅዋን አጣጥፋ አልተቀመጠችም፤ ያገኘችውን ሰብስባ መርፌና ክር አነሣች ማለት ነው። እንግዲህ በድሪቶ የሚስቅ ሰው የሚስቀው በእናት ትጋት ነው። ከእናንተ መካከል ጕልበቱ ላይ እራፊ የተለጠፈበት ሱሪ ለብሶ ወደ ትምህርት ቤት የሚመጣ ልጅ ቢኖር፥ የሚያፍር እርሱ አይሁን፤ የሚያፍርስ በእርሱ የሚስቅ ነው።

በቀድሞ ዘመን በእጁ የሚሠራ ሰው ሁሉ እንዲህ ይናቅ ነበር። ሸማ የሚሠራውን፥ ብረት የሚቀጠቅጠውን፥ ቆዳ የሚፍቀውንም በሥራው ስም ይሰድቡት ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ግን ይህ ስድብ አገርን ብልሃተኛ እንደሚያሳጣ አይተው፥ ሠራተኛን በሥራው መስደብን በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከለከሉ። በአዋጅ የተከለከለው ስድብ ከልብ ካልወጣ ምን ይጠቅማል?

በእራፊ መስፋት በአገራችን ብቻ ያለ ሥራ አይደለም። በአሜሪካ አገር፥ በአላባማ ክፍል፥ ጂስ ቤንድ የምትባል አንዲት ትንሽ መንደር በወንዝ መታጠፊያ ላይ ትገኛለች። ብዙዎቹ ነዋሪዎችዋ በባርነት ይሠሩ ከነበሩ ጥቍር ሕዝቦች የተወለዱ ናቸው። ሴቶቹ ካረጀ የሥራ ልብስ እራፊ እየቈረጡ፥ ልጆቻቸውን ከብርድ የሚያድን ድርብ ልብስ ይሰፉ ነበር። ለጌጥ ብለው አልጀመሩትም፤ ችግር አስተማራቸው። ነገር ግን ቀለሙን ከቀለም፥ መስመሩን ከመስመር እያስማሙ ስለ ሰፉት፥ በ2002 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ሥራቸው በሂዩስተን ከተማ በታላቅ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ለሕዝብ ታየ፤ ቀጥሎም በኒው ዮርክ ታየ። በ2006 ደግሞ የአሜሪካ ፖስታ ቤት ከሥራቸው የ10ሩን ሥዕል በቴምብር ላይ አወጣው። ጨርቁ ያው ያረጀ ጨርቅ ነበረ፤ ያከበረው እጅ ነው።

እኛም ከእንዲህ ያለው ሥራ ትንሹን እንጀምር፤ ይኸውም የስኒ ማረፊያ ነው። በቤታችን ቡና ሲፈላ ጀበናው በማቶት ላይ ይቀመጣል፥ ስኒዎቹም በረከቦት ላይ ይደረደራሉ። አቦል፥ ቶና፥ በረካ እየተባለ ሲጠጣ ግን እንግዳው ስኒውን በጠረጴዛ ላይ ያኖራል፤ ትኵሱና የፈሰሰውም ጠብታ እንጨቱን ያበላሸዋል። ከእራፊ የተሰፋ ወፍራም ማረፊያ ጠብታውን ይመጣል፥ ትኵሱንም ይከለክላል። ይህም የሚሆነው በጥጡ መካከል አየር ስላለ ነው፤ አየር ሙቀትን ቶሎ አያሳልፍምና። ጋቢ የሚያሞቀን በዚሁ ምክንያት ነው። ውሃ ግን ሙቀትን ከአየር ይልቅ ቶሎ ያሳልፋል፤ ስለዚህ በእርጥብ ጨርቅ ትኵስ ብረት ድስት አትያዙ።

እራፊ ስትፈልጉ አስቀድማችሁ ጠይቁ። አንዲት ልጅ ከልብስ ሰፊው መኪና ሥር የወደቀ ሰማያዊ እራፊ አይታ፥ ልታነሣ ጐንበስ አለች እንበል። በልብዋም፦ «ወድቋልና የተጣለ ነው» አለች። ነገር ግን የወደቀ ሁሉ የተጣለ አይደለም። ስለዚህ ቀና ብላ፦ «ጋሼ፥ ይህን እራፊ ይፈልጉታልን?» ብላ ጠየቀች። እርሱም፦ «የኔ ልጅ፥ ሰማያዊውን ተዪው፤ የቀሚሱ ባለቤት በተቀደደ ጊዜ የምትጠግንበት ነው። ከዚህ ከረጢት ግን የወደድሽውን ምረጪ» አላት። ሳትጠይቅ ብታነሣው ኖሮ፥ በእርሱ ሰፍታ የምትሰጠው ስጦታ የሌላ ሰው ገንዘብ በሆነ ነበር። ጠይቃ የተቀበለችው ግን ቢያንስም የራስዋ ነው።

እራፊውን ካገኛችሁ በኋላ የጥጥ የሆነውን ለዩ። ናይሎንና እርሱን የመሰለ ጨርቅ እጅግ ሲግል ይቀልጣል፤ ጥጥ ግን አይቀልጥም። የጥጡንም ቢሆን ከፍም ላይ ወዲያው በወረደ ነገር ሥር አታድርጉት፥ ያርራልና። ቀጥሎም እራፊውን ሁሉ እጠቡ። አዲስ የጥጥ ጨርቅ ውሃ ሲነካው ይሰበሰባል። ሳይታጠብ ከአሮጌው ጋር ቢሰፋ፥ በኋላ ሲታጠብ ተሰብስቦ አሮጌውን ይስበዋል፥ ይቀድደዋልም። በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 9 ስለ አዲስ እራፊና ስለ አሮጌ ልብስ የተነገረው ምሳሌ በዚህ ነገር ላይ የቆመ ነው። ቀይ ጨርቅ ደግሞ ቀለሙን እንዳይለቅ ለብቻው ይታጠብ።

ከዚህ በኋላ እንዲህ አድርጉ። ከወፍራም ወረቀት በየጐኑ 6 ሳንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ቍረጡ፤ እርሱ መለኪያ ይሁናችሁ። በእርሱ ልክ 4 እራፊ ቍረጡ፤ ሁለቱ ጠቈር ያለ ቀለም፥ ሁለቱም ፈካ ያለ ቀለም ይኑራቸው። አንዱን ጠቋራ ከአንዱ ፈካ ያለ ጋር ፊት ለፊት ገጥማችሁ፥ ከጠርዙ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ገባ ብላችሁ ጥቃቅን ስፌት ስፉ። የቀሩትንም ሁለቱን እንዲሁ ስፉ። ከዚያም ጠቋራው ከፈካው አጠገብ እንዲውል አድርጋችሁ ሁለቱን ጥንዶች አንድ ላይ ስፉአቸው።

አሁን የሠራችሁትን ለኩ። 6 እና 6 ሲደመር 12 ነው፤ የተሰፋው ግን በየጐኑ 11 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ታገኙታላችሁ። 1 ሳንቲ ሜትሩ ወዴት ሄደ? አልጠፋም፤ እያንዳንዱ እራፊ ግማሽ ግማሽ ሰጥቶ፥ ያ የተሰጠው ወደ ውስጥ ገብቶ ስፌቱን ይዞ ይገኛል። ከፊት ሆኖ ለሚያይ ሰው አይታይም፤ ያለ እርሱ ግን ሥራው በመጀመሪያው አጠባ ይተረተራል። ከመጠኔ ምንም አልሰጥም የሚል እራፊ ከጓደኛው ጋር ሊሰፋ አይችልም። በአንድ ቤት፥ በአንድ ክፍልም አብረው የሚኖሩ ሰዎች እንዲሁ ናቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለምን?

ቀጥላችሁ በየጐኑ 11 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገበር፥ ማለት የውስጥ ጨርቅ፥ ከአቡጀዴ ቍረጡ። በዚያው ልክ ካረጀ ጋቢ ሙሊት የሚሆን ቍረጡ። ሙሊቱን ከሁሉ በታች አንጥፉ፤ በላዩ ባለ ቀለሙን ፊቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ አኑሩ፤ በእርሱም ላይ ገበሩን ፊቱን ወደ ታች አድርጋችሁ ደርቡ። ዙሪያውን በግማሽ ሳንቲ ሜትር ስፉ፤ ነገር ግን በአንዱ ጐን 5 ሳንቲ ሜትር ክፍት ተዉ። በዚያ ክፍት የውስጡን ወደ ውጭ ገልብጡት፥ ማዕዘኑንም አስተካክላችሁ ክፍቱን ዝጉ። በመጨረሻም መርፌውን ሦስቱንም ድርብ እያሳለፋችሁ በመካከሉ በመስቀለኛው መስመር ላይ ስፉ፤ ይህም ሙሊቱ ወደ አንድ ወገን እንዳይሰበሰብ ይይዘዋል። እነሆ፥ በየጐኑ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ የስኒ ማረፊያ ሆነ። ለ6 ስኒ 24 እራፊ ይበቃል።

ስፌቱ ቢጣመም ፈትታችሁ እንደገና ስፉ፤ መፍታት ሥራ እንጂ ውርደት አይደለም። መርፌ በአፋችሁ አትያዙ። ስትጀምሩ መርፌዎቻችሁን ቍጠሩ፥ ስትጨርሱም ቍጠሩ፤ በምንጣፍ ላይ የጠፋ መርፌ በሕፃን እግር ይገኛልና። ወንዶች ልጆችም ይህ የሴት ሥራ ነው አትበሉ። በአገራችን ከጥንት ጀምሮ ሴቶች ይፈትላሉ፥ ወንዶች ይሸምናሉ፤ የለበስነው ነጠላ የሁለቱም እጅ ሥራ ነው።

ልጆች ሆይ፥ ገንዘብ የሌለው ልጅ በበዓል ቀን፦ «የምሰጠው የለኝም» ብሎ ያዝናል። ነገር ግን ጠይቆ የተቀበለው 4 እራፊ፥ አንድ መርፌና አንድ የትዕግሥት ቀን ካለው፥ ለእናቱ ወይም ለአያቱ ባዶ እጁን አይቀርብም። አያቱም ስኒዋን በዚያ ላይ ባኖረች ቍጥር የልጅዋን ልጅ ታስታውሳለች። የተገዛ ነገር ዋጋው በገበያ ይታወቃል፤ በትዕግሥት የተሰፋ ነገር ዋጋው በተቀባዩ ልብ ይታወቃል። እንግዲህ በእግራችሁ ሥር ያለውን ትንሽ ነገር አትናቁ፤ ከትንሽ ነገርም አብልጣችሁ፥ ትንሽ ነገር ይዞ የሚሠራውን ሰው አትናቁ።

ጥያቄ።

1. ልብስ ሰፊው ሲቀድ እራፊ የሚተርፈው ስለ ምንድር ነው?
2. በድሪቶ የሚስቅ ሰው በምን ይስቃል?
3. ልጅቱ ሰማያዊውን እራፊ ሳትጠይቅ ብታነሣው ኖሮ ስጦታዋ ምን በሆነ ነበር?
4. 6 እና 6 ሲሰፋ 11 የሆነው እንዴት ነው? ከዚህስ ምን እንማራለን?
5. ለ8 ስኒ ማረፊያ ስንት እራፊ ያስፈልጋል?