የዕቃን ዋጋ በአንድ መዝገብ ስለ መያዝ

አንድ ቡና ላኪ የዕቃውን ዝርዝር በድረ ገጹ፣ በስልክ መተግበሪያውና ለደንበኞቹ በሚልከው ሰነድ ለየብቻ የሚጽፍ ከሆነ፣ ዋጋ በተለወጠ ቁጥር ሦስቱንም ማረም ግድ ይሆንበታል። አንዱ የተዘነጋ እንደሆነ ገዢው በአሮጌው ዋጋ ይሸጥልኝ ማለቱ አይቀርም።

ለዚህ የሚበጀው ሄድለስ የተባለው የይዘት ማስተዳደሪያ ነው። ትርጓሜውም «ራስ የለሽ» ሲሆን፣ ራስ የተባለው ተመልካች የሚያየው ገጽ ነው። መዝገቡ ጽሑፉንና ዋጋውን ብቻ ይይዛል፤ ድረ ገጹም ሆነ መተግበሪያው በኤፒአይ አማካይነት እየጠየቀ ይወስዳል።

ስትራፒ በተባለው ማስተዳደሪያ፣ ነጋዴው አስቀድሞ «ቡና» የሚል የይዘት ዓይነት ከፍቶ የበቀለበትን አውራጃ፣ ደረጃውንና የኪሎውን ዋጋ በየዓምዱ ይወስናል። ዋጋው በቁጥር ዓምድ እንጂ በጽሑፍ ዓምድ መግባት የለበትም፤ አለዚያ ከትንሹ ወደ ትልቁ ሲደረደር 100 ከ90 ይቀድማል።

አዲስ የተከፈተ ዓይነት ፈቃድ እስኪሰጠው ድረስ ለውጭ ጠያቂ ዝግ ነው። ሲከፈት ግን ማስተዋል ያሻል። ላኪው ዕቃውን የገዛበት ዋጋ በዚያው መዝገብ ካለ፣ ዓምዱ የግል ተብሎ መለየት ይገባዋል። በገጹ ላይ አለመታየቱ አይበቃም፤ ኤፒአዩን በቀጥታ የጠየቀ ተፎካካሪ ያነበዋልና።

ደግሞም ስትራፒ ካልተነገረው በቀር ለአንድ ጥያቄ የሚመልሰው 25 መዝገብ ብቻ ነው። 40 ዓይነት ዕቃ ያስመዘገበ ነጋዴ 15ቱ ጠፉብኝ ብሎ ከመደንገጡ በፊት ሁለተኛውን ገጽ ይጠይቅ።