ለብቻው አዳኝ፣ ከመንጋው አዳሪ

የባሕር ዳርቻ ሰው ስለ ብቻነት ሲያስብ ማዕበሉን ያይ ይሆናል፡፡ እኛ ከመካነ ሰላም ወጣ ብለን በደንቆሮ ጫካ አናት የምናገኘው ጅብራና ጓሳ ነው፤ እዚያም ቀይ ቀበሮ አለ፡፡ የምደባ ወቅት ሲቃረብ «ብቻዬን ሩቅ ገጠር ቢደርሰኝስ?» የሚለው ጭንቀት በየመኝታ ክፍሉ ይሰማልና፣ እስቲ ይህን አውሬ እናጥና፡፡

ቀይ ቀበሮ በመንጋ ይኖራል፡፡ ማታ አብሮ ይተኛል፤ ንጋት ላይ ተሰብስቦ ሰላምታ ይለዋወጣል፤ ወሰኑን አብሮ ይጠብቃል፤ ግልገልም አብሮ ያሳድጋል፡፡ ቀን ግን አብዛኛውን ጊዜ ለየብቻ ይሠማራል፡፡ ለምን ቢሉ፣ ምግቡ አይጥና ፍልፈል ነው፤ አንዲት አይጥ ለስንት ትካፈላለች?

ብቻውን ያድናል ማለት ግን ጎረቤት የለውም ማለት አይደለም፡፡ በመንዝ ጓሳ ተጠንቶ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በጭላዳ መንጋ መካከል አይጥ ሲያድን ከ100 ሙከራ 67ቱ ይሳካለታል፤ ከመንጋው ውጭ ሲሆን 25ቱ ብቻ፡፡ ጭላዶቹም አይሸሹትም፤ ግልገላቸውን አይነካማ! አንዱ ደፍሮ ቢነጥቅ አስጥለው አባረሩት፤ እንዳይመለስም ከለከሉት፡፡ እንግዳ መምህርና የቀበሌው ገበሬም እኮ እንዲሁ ይተያያሉ፤ መተማመኑ የሚመጣው ቀስ በቀስ ነው፡፡

ለውይይት፦ በተመደብንበት ትምህርት ቤት የመጀመሪያውን ወር ለብቻችን የምንሠራው የትኛውን ነው? የማንን ደጅ ሳናንኳኳ የማይሆነውስ?