አቤሜሌክ በምን ዳነ? (ከክርስቶስ በፊት የነበሩ ሰዎች መዳን)

  

ባለፈው ሶናፑር በተሰበሰብንበት ቀን ከጥናቱ በኋላ አንዲት እህታችን ጥያቄ ጠየቀች። እሷ የዕረፍት ቀን የላትም፤ ያን ዕለት የመጣችው ማዳሟ አገር ቤት ስላልነበረች ነው። «ኢየሱስ ሳይወለድ የሞቱት ሰዎች በምን ዳኑ? አብርሃምም ዳዊትም ስሙን ሳይሰሙ ነው የሞቱት። ታዲያ ጠፉ እንበል?» አለች። አንዷ «በሕግ ዳኑ» አለች፣ ሌላዋ «በመሥዋዕት ነው» አለች፤ ሰዓቱ ሄደና ሳንስማማ ተበታተንን።

አውቶቡስ ስንጠብቅ ግን ያቺ እህት ጠጋ ብላ «እኔ እኮ ስለ አብርሃም ብቻ ብዬ አይደለም የጠየቅሁት። ጸሎት ቤት ከረገጥኩ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። ቁርባን የለ፣ ጉባኤ የለ። እንደኔ ያለው ሰው እግዚአብሔር ዘንድ ይቆጠራል ወይ?» አለችኝ። ያኔ የምመልስላት አጣሁ። እኔ ሰባኪ አይደለሁም፤ ሥራ ካለቀ በኋላ ማታ ማታ መጽሐፍ ቅዱሴን እያገላበጥኩ ያገኘሁትን ነው የምጽፍላችሁ። እናንተም ጥቅሶቹን አውጥታችሁ መርምሩ።

1ኛ. በሕግ አልዳኑም

ነገሩን ከአብርሃም እንጀምር። አብርሃም እግዚአብሔርን አመነ፣ እምነቱም ጽድቅ ሆኖ ተቆጠረለት የሚለው ዘፍ. 15፡6 ላይ ነው። የተገረዘው ግን ምዕ. 17 ላይ፣ በ99 ዓመቱ ነው። እስማኤል ሲወለድ 86 ዓመቱ ስለነበረ (ዘፍ. 16፡16) በመካከል ቢያንስ 13 ዓመት አለ ማለት ነው። ሕጉ ደግሞ ከተስፋው ከ430 ዓመት በኋላ እንደመጣ ጳውሎስ ገላ. 3፡17 ላይ ይናገራል። እንግዲህ አብርሃም ጻድቅ ሲባል ግዝረትም ሕግም አልነበረም። የነበረው እግዚአብሔር የሰጠው ተስፋ ነው፤ እሱም ያንን ይዞ ኖረ። ሮሜ ምዕ. 4ን ሙሉውን አንብቡት።

2ኛ. በከብት ደምም አልዳኑም

የበሬና የፍየል ደም ኃጢአትን ማስወገድ እንደማይችል ዕብ. 10፡4 በግልጽ ይናገራል። ታዲያ መሥዋዕቱ ለምን ነበር? ለሚመጣው ምልክት ነበር። ይህን ለመረዳት እኔን የጠቀመኝ የሰፈራችን በቃላ ነው።

ማዳም ወተትና ዳቦ አምጪ ብላ ስትልከኝ ብር አትሰጠኝም። የበቃላው ሰውዬ የቤቱን ቁጥር ደብተር ላይ ጽፎ ዕቃውን ይሰጠኛል። ወር ሲያልቅ ባባ ሄዶ ይከፍላል። ወተቱ ግን የሚጠጣው ዛሬ ነው። ሰውዬው የእኔን ቦርሳ አይቶ አይደለም የሚሰጠኝ፣ ከፋዩን ስለሚያምን ነው። ደብተሩ ላይ መጻፉ ደግሞ ዕዳውን አይከፍለውም፤ ክፍያ እንደሚመጣ ያሳያል እንጂ።

የቀደሙት አባቶችና እናቶችም እንደዚህ ይመስሉኛል። ይቅርታውን በዘመናቸው ተቀበሉ፤ ዋጋው የተከፈለው ግን በኋላ በመስቀል ላይ ነው። እግዚአብሔር የቀደመውን ዘመን ኃጢአት በትዕግሥት ያሳለፈው በዚህ ምክንያት መሆኑን ሮሜ 3፡25 ላይ እናገኛለን። በእርግጥ እግዚአብሔር ነጋዴ አይደለም፣ ምሳሌው እዚያ ድረስ ብቻ ነው የሚሄደው። እነሱ የሚከፈለውን ተስፋ አደረጉ፣ እኛ የተከፈለውን እናምናለን፤ ከፋዩ ግን አንድ ነው።

3ኛ. የእኛው ሰው አቤሜሌክ

አሁን ወደ አገራችን ልጅ እንምጣ። ኤር. 38 ላይ በንጉሥ ሴዴቅያስ ቤት የሚያገለግል አቤሜሌክ የሚባል ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ አለ። ስሙ በዕብራይስጥ «የንጉሥ አገልጋይ» ማለት ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም ይህ ይሁን አይሁን መጽሐፉ አይናገርም። እኛም አንዳንዶቻችን ስማችን ተትቶ «ኻዳማ» ተብለን ስለምንጠራ ይህ አይገርመንም።

ጊዜው ባቢሎናውያን ኢየሩሳሌምን ከብበው በከተማው እንጀራ ያለቀበት ነው። ከተማይቱ የወደቀችው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ዓመት ገደማ ነው። መኳንንቱ ነቢዩ ኤርምያስን ጠልተው ውኃ በሌለበት ጉድጓድ ውስጥ በገመድ አወረዱት፤ ጭቃው ውስጥ ሰመጠ። የአገሩ ልጆች ሁሉ ዝም ሲሉ ይህ የሰው አገር ሰው፣ የቤት አገልጋይ፣ ንጉሡ በብንያም በር ተቀምጦ ሳለ ሄዶ «እነዚህ ሰዎች ክፉ አድርገዋል፣ ሰውዬው በረሃብ ይሞታል» ብሎ ተናገረ። ንጉሡም 30 ሰው ይዞ እንዲያወጣው አዘዘው።

ከዚያ ምን አደረገ? ከግምጃ ቤቱ በታች ሄዶ አሮጌ ጨርቅና ያለቀ ልብስ አመጣ፣ ለኤርምያስም በገመድ አወረደለትና «ገመዱ እንዳይጎዳህ ብብትህ ሥር አድርገው» አለው። እህቶቼ፣ ይህን ሳነብ ፈገግ አልኩ። አሮጌ ጨርቅ የት እንደሚቀመጥ የሚያውቅ የቤት ሠራተኛ ነው እኮ!

በኋላ ምዕ. 39፡15-18 ላይ እግዚአብሔር በኤርምያስ በኩል መልእክት ላከለት፤ ከተማይቱ ትጠፋለች፣ አንተ ግን በምትፈራቸው ሰዎች እጅ አትሰጥም፣ በሰይፍም አትወድቅም፣ ነፍስህ ትተርፋለች አለው። ምክንያቱንም ነገረው። ስለ ጀግንነትህ ወይም ስለ ጨርቁ አላለውም፤ በእኔ ስለታመንህ ነው አለው።

እዚህ ላይ አንዲት እህት «ይህ እኮ ከሰይፍ መዳን ነው እንጂ የነፍስ መዳን አይደለም» ትል ይሆናል። እውነቷን ነው፣ የተሰጠው ቃል ከሰይፍ ስለመዳን ነው። ነገር ግን ምክንያቱን ተመልከቱ። ለአብርሃም የተቆጠረለት እምነት ለዚህ ባዕድ አገልጋይም ተቆጠረለት። ደግሞ አንድ ነገር ጨምሩበት፦ ዘዳ. 23፡1 ላይ ጃንደረባ ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ እንዳይገባ ሕጉ ይከለክላል። አቤሜሌክ በዘሩ እስራኤላዊ አይደለም፣ በአካሉ ምክንያት ደግሞ ወደ ጉባኤ አይገባም። እንግዲህ ከጉባኤው ደጅ ውጭ ያለውን ሰው እግዚአብሔር በስሙ ጠርቶ መልእክት ላከለት!

በ81ዱ መጻሕፍት ውስጥ ያለው ተረፈ ባሮክ ደግሞ አቤሜሌክ በለስ ይዞ ሲመለስ ከዛፍ ሥር ተኝቶ ለ66 ዓመት እንዳንቀላፋ፣ ሲነቃም በለሱ ትኩስ እንደነበር ይተርካል። ኦርቶዶክስ ሆናችሁ ያደጋችሁ ይህን ሰምታችሁት ይሆናል።

4ኛ. የጠበቁት ምንድን ነው?

ቀዳም ሥዑር ቀን ካህናት ቄጤማ ሲያድሉ፣ ሰዉም ግንባሩ ላይ ሲያስር ታስታውሳላችሁ። የኖኅ ርግብ የውኃውን መጉደል እንዳበሰረች፣ ቄጤማውም ክርስቶስ ወደ ሲኦል ወርዶ የአዳምን ልጆች ነጻ ማውጣቱን የሚያበስር ነው። ከዚያ በፊት የነበሩትን 5500 ዓመታት አባቶች ዓመተ ፍዳ ይሏቸዋል። መካነ ኢየሱስ፣ ሙሉ ወንጌል ወይም ቃለ ሕይወት ያደግን ደግሞ ብዙ ጊዜ የምንማረው ከዕብ. 11 ነው። በ1ጴጥ. 3፡19 አተረጓጎም ላይ ልዩነት አለ፤ በዚህ ወረቀት አንከራከርም። ሁላችንም የምንስማማበት ግን የቀደሙትንም እኛንም የሚያድን ያው አንዱ ክርስቶስ መሆኑን ነው።

ዕብ. 11፡13 ላይ እነዚያ ሰዎች የተስፋውን ቃል ፍጻሜ ሳያገኙ፣ ከሩቅ አይተው ተሳልመው፣ በምድር ላይ እንግዶችና መጻተኞች መሆናቸውን ተናግረው እንደሞቱ ተጽፏል። ቤታችን በስልክ ብቻ የምናየው ስለሆነ ከሩቅ መሳለም ምን እንደሆነ እኛ እናውቃለን።

5ኛ. ሁለተኛው ጃንደረባ

ሐዋ. 8 ላይ ሌላ ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ እናገኛለን። ይህኛው ከመስቀሉ በኋላ ነው። በሠረገላው ተቀምጦ ኢሳ. 53ን ሲያነብ ፊልጶስ ደረሰበትና ኢየሱስን ሰበከለት። ከዚያው ክፍል ሦስት ምዕራፍ ወረድ ብላችሁ ኢሳ. 56፡3-5ን ብታነቡ እግዚአብሔር ለጃንደረባ በቤቱ ቦታና የማይጠፋ ስም እንደሚሰጥ ቃል ሲገባ ታገኛላችሁ። ለአቤሜሌክ የተዘጋው የጉባኤ በር ለእሱ ተከፈተ፣ ተጠመቀም።

ይህ ሰው «አቤሜሌክ ያለ ጥምቀት ዳነ፣ ለእኔም ይበቃኛል» አላለም። ውኃ ሲያይ «እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድን ነው?» ብሎ ራሱ ጠየቀ። ስለዚህ እኛ የሰማን ሰዎች የቀደሙትን ለስንፍናችን ማመካኛ አናድርጋቸው። ዕረፍት ኖሮን፣ ጤና ኖሮን፣ ሞል ስንዞር ውለን «እግዚአብሔር ልብ ያያል» ማለት ሌላ ነገር ነው። ይህን የምጽፈው እኔም ስላደረግሁት ነው።

6ኛ. ለእህታችን መልስ

እህቴ፣ ያኔ አውቶቡስ ስንጠብቅ መልስ አልሰጠሁሽም። አሁን ልመልስልሽ። በሩ የተቆለፈብሽ አንቺ ፈልገሽ አይደለም። አቤሜሌክም ጉባኤ ሳይገባ፣ በሰው ቤት እያገለገለ፣ በእግዚአብሔር በመታመኑ ተቆጠረ። እሱ የመስቀሉን ነገር ገና አልሰማም ነበር፤ አንቺ ግን ሰምተሻል። ስታጥቢም ስትተኩሺም ጸልዪ። ዕረፍት ስታገኚ ነይ፣ ቦታሽን እንጠብቅልሻለን። ዕረፍት ያለን ደግሞ እንደ አቤሜሌክ ገመድና ጨርቅ ይዘን ጉድጓድ ውስጥ ያለችውን እናስብ፤ ስልክ እንደውል፣ ይህን ወረቀት እናድርስ።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. አብርሃም ጻድቅ ተብሎ የተቆጠረው ከመገረዙ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ይህ ምን ያስተምረናል?
ለ. ኤር. 39፡18 አቤሜሌክ የዳነበትን ምክንያት ምን ይላል?
ሐ. ሁለቱን ኢትዮጵያውያን ጃንደረቦች አነጻጽሩ። የሚመሳሰሉትና የሚለያዩት በምን በምን ነው?
መ. መምጣት የማትችል እህት ታውቃላችሁ? በዚህ ሳምንት ምን ታደርጉላታላችሁ?

እግዚአብሔር ሁላችንንም ይጠብቀን፣ ቤተሰቦቻችንንም ይጠብቅልን። አሜን።

እህታችሁ ከዱባይ