የሞተር ሳይክል ማቀዝቀዣ ፈሳሽ አመራረጥና አደባለቅ

ሞተር ሳይክል ዛሬ በብዙ የገጠር ቀበሌዎች ይታያል። እህል ወደ ገበያ ያደርሳል፤ የታመመ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ያደርሳል። ሞተሩ በሙቀት ከተበላሸ ግን ጥገናው በሬ ሊያሸጥ ይችላል። ራዲያተር ያለውን ሞተር ከዚህ ጉዳት የሚጠብቀው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ነው። በገበያ ኩላንት ይሉታል። ኩላንት ሞተር ያድናል፤ ካልተጠነቀቁበት ግን ሰውና ከብት ይገድላል። ስለዚህ ኩላንት የሚገዛው ቀለሙን አይቶ ሳይሆን ጽሑፉን አንብቦ ነው።

1. ሞተር ለምን ይግላል?

ቤንዚን በሞተሩ ውስጥ ይነዳል። ከሚገኘው ሙቀት ውስጥ ጎማውን ለማዞር የሚውለው ሢሶው ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። የቀረው ከፊሉ በጭስ ማውጫው ይወጣል፤ ከፊሉ ብረቱን ያግላል። ብረቱ ከልክ በላይ ከጋለ ዘይቱ ይቀጥናል፤ ፒስተኑም ተጣብቆ ይቆማል።

ሁሉም ሞተር ሳይክል ኩላንት አይፈልግም። ራዲያተር የሌለው፣ ዙሪያውን እንደ ጎድን አጥንት የተደረደሩ ስስ የብረት ክንፎች ያሉት ሞተር አብዛኛውን ጊዜ የሚቀዘቅዘው በነፋስ ነው። ለእሱ ክንፎቹን ከጭቃ ማጽዳት ነው ዋናው ሥራ። ራዲያተር ያለው ግን ፈሳሽ ይፈልጋል። ፈሳሹ በሞተሩ ውስጥ እየዞረ ሙቀቱን ይወስዳል፤ ራዲያተሩ ውስጥ ነፋስ ያቀዘቅዘዋል፤ ከዚያ ተመልሶ ይዞራል።

2. የወንዝ ውሃ ለምን አይበቃም?

«ውሃ ያው ውሃ ነው፤ ምን ልዩነት አለው?» የሚል ሰው ይኖራል። ልዩነት አለው እንጂ!

አንደኛ፣ በወንዝና በጉድጓድ ውሃ ውስጥ የሟሙ ማዕድናት አሉ። ዘወትር ውሃ በሚፈላበት ድስት ውስጥ ነጭ ቅርፊት ሲጋገር አይታችሁ ይሆናል። ያው ቅርፊት የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ይዘጋል። ውሃውን ማፍላትም ማዕድኑን ሁሉ አያስወጣውም።

ሁለተኛ፣ ውሃ ብቻውን ብረትን ያዝጋል። ኩላንት ግን ዝገት የሚከላከል ንጥረ ነገር አለው።

ሦስተኛ፣ ውሃ ደጋ ላይ ቶሎ ይፈላል። በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፣ በ2,400 ሜትር ከፍታ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ደጋ ላይ ባቄላ ለመብሰል የሚዘገየውም በዚሁ ምክንያት ነው። ኃይለኛ ውርጭ ባለበት አገር ደግሞ ውሃው በረዶ ከሆነ 9 በመቶ ገደማ ያብጣል፤ ብረቱንም ሊሰነጥቅ ይችላል። ኩላንት ሲጨመርበት ውሃው ቶሎ አይፈላም፤ ቶሎም በረዶ አይሆንም።

3. አመራረጥ

ኩላንት አረንጓዴ፣ ቀይ ወይም ሰማያዊ ሊሆን ይችላል። ቀለሙ ግን ፋብሪካው የጨመረበት ማቅለሚያ ብቻ ነው። የሁለት ፋብሪካ አረንጓዴ አንድ ዓይነት ላይሆን ይችላል። የማይስማሙ ዓይነቶች ከተቀላቀሉ እንደ አጥሚት ወፍረው ቱቦ ሊዘጉ ይችላሉ። ስለዚህ የሞተር ሳይክሉ መመሪያ የሚያዘውን ዓይነት ግዙ። ለአሉሚኒየም ሞተር የሚስማማ መሆኑንም አረጋግጡ። ጽሑፉ በውጭ ቋንቋ ከሆነ ተማሪ ልጃችሁን አስነብቡ።

4. አደባለቅ

ተደባልቆ የተዘጋጀ ኩላንት ውሃ አይጨመርበትም። ያልተደባለቀው ግን አብዛኛውን ጊዜ እኩል በእኩል ይደባለቃል፤ 1 ጣሳ ኩላንት ከ1 ጣሳ ውሃ ጋር ማለት ነው። ውሃው ለባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ ይሁን። የባትሪ አሲድ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እንዳትሳሳቱ።

«ኩላንቱ ቢበዛ ይሻላል» ማለትም ልክ አይደለም። ሙቀት በመሸከም ውሃ ከኩላንት ይበልጣል።

ሞተሩ እንደጋለ የራዲያተሩን ክዳን አትክፈቱ! የታፈነው እንፋሎት ፊት ያቃጥላል። በደንብ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ከዚያም በማጠራቀሚያው ላይ በሚታዩት በታችኛውና በላይኛው ምልክት መካከል ሙሉ። መንገድ ላይ ቢያልቅና ሌላ ባይገኝ ንጹሕ ውሃ ቤት ያደርሳል፤ ከዚያ ግን በትክክለኛው ድብልቅ መለወጥ አለበት።

5. ኩላንት መርዝ ነው

ብዙው ኩላንት የሚሠራው ኤቲሊን ግላይኮል ከሚባል ፈሳሽ ነው። ጣዕሙ ይጣፍጣል፤ አደጋውም እዚህ ላይ ነው። ሕፃን ወይም ውሻ ጣፋጭ መስሎት ይጠጣዋል፤ ኩላሊቱ ይጎዳል፤ ሊሞትም ይችላል። በሃይላንድ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ አታስቀምጡት። አሮጌውንም ወንዝ ውስጥ ወይም ደጅ ላይ አትድፉት። የጠጣ ሰው ካለ ሕመሙ እስኪታይ አትጠብቁ፤ ከነዕቃው ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ዕቃው ላይ «መርዝ ነው፤ አይጠጣም» ብላችሁ በገዛ እጃችሁ ጻፉበት፤ ልጆች ከማይደርሱበትም አስቀምጡት።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ኩላንትን በቀለሙ ብቻ መምረጥ ለምን ያሳስታል?
2. አንድ ሞተር ሳይክል 1 ሊትር ከ200 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ይይዛል እንበል። እኩል በእኩል ሲደባለቅ ስንት ኩላንት፣ ስንት ውሃ ያስፈልጋል?
3. በቤታችሁ በመጠጥ ጠርሙስ የተቀመጠ መርዝ አለ? ፈትሹና ጻፉበት።