ኤንትሬ እና የሊማሊሞ መንገድ፦ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር በዳገትና በቁልቁለት

ከአዲ አርቃይ ተነሥቶ በዛሪማ በኩል ወደ ደባርቅ የሚጓዝ ሰው የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ዳገት መውጣት ግድ ይሆንበታል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራው ይህ መንገድ የሞተርን አቅም የሚፈትን ነው። በአገራችን የጭነት ጎዳናዎች ላይ ለአሥርተ ዓመታት ከታወቁት መኪናዎች አንዱ ፊያት 682 ኤን 3፣ በተለምዶ ስሙ «ኤንትሬ» ነው። «ትሬ» በጣሊያንኛ ሦስት ማለት ነው። ለመሆኑ ሞተሩ ከየት ተነሥቶ የት ደረሰ? በዳገትና በቁልቁለትስ ምን ይገጥመዋል?

ከ75 ወደ 140 የፈረስ ጉልበት

የፊያት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1931 ያቀረበው 634 ኤን የተባለው የጭነት መኪና 8.3 ሊትር ገደማ የሚይዝ ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ነበረው፤ ጉልበቱም 75 ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1952፣ የመጀመሪያው 682 በ10.17 ሊትርና በ140 የፈረስ ጉልበት ብቅ አለ። የሞተሩ ይዘት የጨመረው ከመቶ 23 ያህል ብቻ ሲሆን ጉልበቱ ግን ከመቶ 87 ገደማ አድጓል። በአንድ ሊትር 9 የነበረው ጉልበት ወደ 14 ተጠግቷል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ዕድገት የሚገኘው ሞተሩ በፍጥነት ሲሽከረከር፣ ወይም በእያንዳንዱ ሊትር አየር የሚገባውን ናፍጣ አሻሽሎ ሲያቃጥል፣ ወይም በሁለቱም መንገድ ነው።

ስድስት ለምን?

በባለ አራት ምት ሞተር እያንዳንዱ ሲሊንደር በየሁለት ዙሩ፣ ማለትም በ720 ዲግሪ፣ አንድ ጊዜ ይተኩሳል። 720ን ለ6 ብናካፍል 120 እናገኛለን። ስለዚህ የአንዱ ግፊት ሳይበርድ የሚቀጥለው ይተካዋል። ከዚህም በላይ በአንድ መሥመር የተደረደሩ ስድስት ፒስተኖች ወደ ላይና ወደ ታች ሲመላለሱ የሚፈጥሩት ዋና ዋና የንዝረት ኃይል እርስ በርሱ ይጣፋል። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ይህን ሙሉ በሙሉ አያገኝም።

ዳገቱ፦ የአየር ጉዳይ

ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር ከፍ ብላ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። የአየር መጭመቂያ (ተርቦ) የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በዚያው መጠን ስለሚቀንስ፣ 140 የነበረው ጉልበት በግምት ወደ 105 ይወርዳል። የናፍጣው ፓምፕ ግን አየሩ መሳሳቱን አያውቅም። ሹፌሩ ነዳጁን ሲረግጥ የተረፈው ናፍጣ በደንብ ሳይቃጠል ይወጣል። ከጭነት መኪና ጀርባ የሚታየው ጥቁር ጭስ የዚሁ ምልክት ነው። ተርቦ የሚያስፈልገውም የጎደለውን አየር ለመተካት ነው።

ቁልቁለቱ፦ የሙቀት ጉዳይ

ወደ አዲ አርቃይ ስንወርድ ጥያቄው ይገለበጣል። 14 ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ቁልቁል ቢወርድ የሚለቀው ኃይል 14,000 × 9.8 × 1,000፣ ማለትም 137 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው። ይህ ሁለት በርሜል (400 ሊትር) ውኃ ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተነሥቶ እስኪፈላ ያደርሰዋል። ኃይሉ ሁሉ በፍሬን ላይ ቢወድቅ ፍሬኑ ይግላል፤ ሲግል ደግሞ የመያዝ አቅሙ ይደክማል።

መፍትሔው ዝቅተኛ ማርሽ ነው። በዚያ ጊዜ ጎማው ሞተሩን በፍጥነት ያሽከረክረዋል፤ ስድስቱ ፒስተኖችም በፍትጊያና አየር በመሳብና በማስወጣት ኃይሉን ይበላሉ። ሙቀቱም በራዲያተሩና በጭስ መውጫው ይወገዳል። ማርሽ ነጻ አድርጎ ነዳጅ ለመቆጠብ የሚሞክር ሹፌር ግን ይህን ረዳት በገዛ እጁ ያሰናብታል። በናፍጣ ሞተር የሚቆጥበውም ነገር እምብዛም ነው፤ መኪናው በማርሽ ላይ ሆኖ ቁልቁል ሲወርድና ነዳጁ ሳይረገጥ ፓምፑ የሚልከው ናፍጣ ከወዲሁ እጅግ ትንሽ ነውና። ሞተር ዳገት የሚያወጣን ብቻ ሳይሆን ቁልቁለት የሚይዘንም መሆኑን ልብ እንበል።

የመልመጃ ጥያቄ፦ ከላይ ያለው መኪና 1,000 ሜትሩን በ30 ደቂቃ ቢወርድ፣ በየሰከንዱ መወገድ ያለበት ሙቀት ስንት ኪሎዋት ይሆናል?

መልስ፦ 137,000 ኪሎጁል ለ1,800 ሰከንድ ሲካፈል 76 ኪሎዋት ገደማ፤ ይህም ከ100 የፈረስ ጉልበት በላይ ነው።