የጋራን መሬት በጋራ መጠበቅ፦ የመንዝ ጓሳ ለድርቅ አካባቢዎች የሚሰጠው ትምህርት

ድርቅ የሚጎዳው የእርሻ ማሳን ብቻ አይደለም። ዝናብ በቀረ ጊዜ ከማሳው ምርት ያጣ ገበሬ ተስፋውን የሚጥለው በጋራ መሬት ላይ ነው። ከብቱን የሚያሰማራው፣ ማገዶ ለቅሞ ወደ ገበያ የሚያወጣው፣ ሣር አጭዶ የሚሸጠው ከዚያው ነው። በመሆኑም የጋራ ግጦሽ፣ ደንና ምንጭ ለክፉ ቀን የተቀመጡ ጎተራዎች ናቸው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ጎተራው ግን ጠባቂ ከሌለው ክፉው ቀን ሳይደርስ ባዶውን ይቀራል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ የአገር ሕዝብ የጋራ መሬቱን በራሱ ፈቃድና በራሱ ደንብ እንዴት ለዘመናት ጠብቆ እንዳቆየ ማስረዳት፣ ከዚያም በድርቅና በሠፈራ ሥራ ላይ ለተሰማሩ ሁሉ የሚሆነውን ትምህርት ማውጣት ነው።

1. የጓሳ መሬትና ጥቅሙ

ጓሳ በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ምድር የሚገኝ ደጋ ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር የሚደርስ ሲሆን፣ ስፋቱ አንድ መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በምሥራቅ በኩል የሚወርደው ውኃ ወደ አዋሽ፣ በምዕራብ በኩል የሚወርደው ደግሞ ወደ ዓባይ ተፋሰስ ይሄዳል። ስለዚህ የጓሳ መራቆት የሚጎዳው የመንዝን ገበሬ ብቻ ሳይሆን ከእርሱ በታች ያለውንም ጭምር ነው።

ቦታው ስሙን ያገኘው ጓሳ ከሚባለው ሣር ነው። ሣሩ ጠንካራና ረጅም በመሆኑ ለቤት ክዳን ይመረጣል፤ ገመድ ይገመድበታል፤ ከዝናብ የሚከላከለው ገሳም ይሠራበታል። ጨረንፌ የሚባለው ቁጥቋጦ ለማገዶ ይለቀማል። በበጋ ወራት፣ በተለይም ዝናብ ባጠረበት ዓመት፣ የአካባቢው ከብትና የመንዝ በግ የሚተርፉት በዚሁ መሬት ነው። ከዚህም ሌላ ጓሳ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋዎች በቀር በሌላ ስፍራ የማይገኙት ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት ምድር ነው።

2. የቄሮ ሥርዓት አሠራር

በአካባቢው ትውፊት መሠረት ጓሳን የመጠበቁ ሥርዓት የተጀመረው በ17ኛው ምዕተ ዓመት ነው። አስቦና ጌራ የሚባሉት ቀደምት አባቶች መሬቱን ለሁለት ተካፍለው ለዘሮቻቸው የጋራ መጠቀሚያ እንዲሆን ለዩት። ከእነርሱ መወለዱን ቆጥሮ ማስረዳት የቻለ ሁሉ በአጽመ ርስትነት የመጠቀም መብት ነበረው። ይህም ሥርዓት ቄሮ ተብሎ ይጠራ ነበር።

የሥርዓቱ አመራር አባ ቄራ ተብሎ በተጠቃሚዎቹ ለሚመረጥ ሰው የተሰጠ ነበር። ጓሳ ለተከታታይ ዓመታት፣ ብዙ ጊዜም ለሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይዘጋል። ሣሩ ለአጨዳ መድረሱ ሲታወቅ በበጋው ወቅት የሚከፈትበት ቀን ለሕዝቡ ይነገራል። ሕዝቡም በአንድነት ወጥቶ ያጭዳል፤ ከአጨዳው በኋላ ከብት ይሰማራል፤ ክረምቱ ሲገባ መሬቱ ተመልሶ ይዘጋል። በተዘጋበት ጊዜ አቅም ያለው አባወራ ሁሉ ለጥበቃና ለአሰሳ መውጣት ግዴታው ነበር። ደንቡን የጣሰም ይቀጣ ነበር።

የሥርዓቱን ጥንካሬ ለመረዳት ሦስት ነገሮችን መመልከት ይበቃል። አንደኛ፣ የመሬቱ ወሰንና ባለመብቱ ማን እንደሆነ የታወቀ ነበር። ሁለተኛ፣ ጠባቂውና ተጠቃሚው አንድ ሰው ነበር፤ ሌሊት ወጥቶ ሣር የሚያጭደው ሰው የሚሰርቀው የማያውቀውን መንግሥት ሳይሆን ጎረቤቱን ነው። ሦስተኛ፣ የመዝጊያውና የመክፈቻው ጊዜ ከሣሩ ዕድገት ጋር የተስማማ ነበር። አሜሪካዊቱ ምሁር ኤሊኖር ኦስትሮም እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ በልዩ ልዩ አገሮች ለረጅም ዘመን የዘለቁ የጋራ ሀብቶችን መርምራ የደረሰችበት ውጤት ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። የታወቀ ወሰን፣ ከአካባቢው ሁኔታ ጋር የተስማማ ደንብ፣ ከተጠቃሚዎቹ መካከል የሚመደብ ጠባቂና እንደ ጥፋቱ መጠን ከፍ እያለ የሚሄድ ቅጣት ባሉበት የጋራ ሀብት ይጠበቃል። ለዚሁ ሥራዋ እ.ኤ.አ. በ2009 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷታል።

3. የ1967 ዓ.ም. ዐዋጅና ያስከተለው ለውጥ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ታወጀ። የገበሬ ማኅበራትም ቢያንስ 20 ጋሻ ወይም 800 ሄክታር በሚሆን መሬት ላይ እንዲቋቋሙ ተደነገገ። በርስት ላይ የተመሠረተው የቄሮ ሥርዓትም በዚሁ አበቃ።

ለውጡ ሁለት ገጽ ነበረው። በአንድ በኩል፣ ዘር ቆጥሮ ከአስቦና ከጌራ መድረስ ባለመቻሉ ብቻ ከጓሳ ተከልክሎ ይኖር የነበረ ጎረቤት መብት አገኘ። ይህ ሊዘነጋ የማይገባው ፍትሕ ነው። በሌላ በኩል ግን፣ ባለመብቱ ሲበዛ የመዝጊያው ቀን፣ የአሰሳው ተራና የአባ ቄራው ሥልጣን አብረው ስለ ፈረሱ፣ መሬቱ የሁሉም ሲባል የማንም ወደ መሆን አዘነበለ። ሣሩን ያለ ወቅቱ ማጨድና ማስጋጥ ተስፋፋ።

ሕዝቡ ይህን ዐይቶ ዝም አላለም። በአዋሳኙ ያሉ የገበሬ ማኅበራት በመመካከር የጓሳን ጥበቃ የሚመራ ኮሚቴ አቋቋሙ፤ መተዳደሪያ ደንብም አወጡ። ስሙና መሠረቱ ቢለወጥም፣ መዝጋት፣ በወቅቱ መክፈት፣ በተራ መጠበቅና አጥፊን መቅጣት የሚሉት የቀድሞው ሥርዓት ዋና ዋና ሐሳቦች በአዲሱ ድርጅት ውስጥ ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ2008 ጓሳ በአማራ ክልል መንግሥት የኅብረተሰብ ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ሕጋዊ ዕውቅና አገኘ። የጥበቃው ሥራ የፍራንክፈርት ዙኦሎጂካል ሶሳይቲን የመሰሉ ድርጅቶች እገዛ ተደርጎለታል፤ ለእንግዶች ማረፊያ የሚሆን የማኅበረሰቡ ቤትም ተሠርቷል።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ዋና ትምህርት ግልጽ ነው። ጓሳን የጠበቀው የዘር ሐረግ አልነበረም፤ የታወቀ ደንብና ደንቡን የሚያስከብር ጎረቤት ነበር። መብቱ ለብዙዎች ሲሰፋ ደንቡም አብሮ መስፋት እንጂ መፍረስ አይኖርበትም።

4. በጎ ፈቃደኛው ጠባቂ

የጋራ መሬት ጥበቃ በበጎ ፈቃድ ይሠራል ሲባል ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። በአሰሳ የዋለ ገበሬ ያን ቀን ከማሳው ጎድሏል። ከአጥፊ ጋር የተፋጠጠም እንደ ሆነ በማግሥቱ ከዚያው ሰው ጋር በአንድ ዕድር ይቀመጣል፤ ቂሙን የሚሸከመው እርሱ ነው። ስለዚህ ማኅበረሰቡ ለጠባቂው ሁለት ነገር ማሟላት ይኖርበታል። የመጀመሪያው የሥራ ማካካሻ ነው፤ በጥበቃ ለሚውለው ሰው እርሻ በደቦ ማረስ፣ ወይም ከሌላ የጋራ ሥራ ነጻ ማድረግ ይቻላል። ሁለተኛው ከለላ ነው፤ ጠባቂው አጥፊውን ያመለክታል እንጂ አይፈርድም። ፍርዱን ሽማግሌዎችና ኮሚቴው በሸንጎ ፊት ሲሰጡት የግል ጠብ መሆኑ ይቀራል።

እረኞችም ሊረሱ አይገባም። አዲስ የታጨደ ሣር፣ ያለ ጊዜው የገባ መንጋ ወይም የደረቀ ምንጭ አስቀድሞ የሚታየው ለእረኛ ነው። ሰሚ እንዳለው ያወቀ እረኛ ከብዙ ዘብ ይበልጣል።

5. በድርቅ ጊዜ የሚነሣው ከባድ ጥያቄ

መሬቱ ከተዘጋ ሁለተኛ ዓመቱ ነው እንበል። ዝናብ ቀረ፤ ከብት መውደቅ ጀመረ፤ ከአጥሩ ማዶ ግን ሣር ቆሟል። ይዘጋ ወይስ ይከፈት? ፈጽሞ አይከፈትም ማለት ጎተራ ተቆልፎ ሰው እንዲራብ መፍረድ ነው። በአንድ ቀን ለሁሉም ክፍት ማድረግ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ድርቅ ቢመጣ መጠጊያ ማሳጣት ነው።

መልሱ አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት፤ ረኃብ ከገባ በኋላ የሚደረግ ስብሰባ የጉልበተኞች ስብሰባ ይሆናልና። ደንቡ በቅድሚያ መወሰን የሚገባው የመሬቱ የትኛው ክፍል እንደሚከፈት፣ ለስንት ቀን እንደሚቆይ፣ ለአንድ ቤተሰብ ስንት ከብት እንደሚፈቀድና ማን እንደሚቀድም ነው። አንድ በሬ ብቻ የቀረው ገበሬና ብዙ መንጋ ያለው ገበሬ በእኩል ቁጥር ቢገቡ እንኳ ጉዳታቸው እኩል አይደለም። ጉልበት የሌላት እማወራም በተከፈተው ጥቂት ቀን ውስጥ ማጨድ ካልቻለች መብቷ የወረቀት መብት ብቻ ይሆናል፤ ድርሻዋን በደቦ የሚያጭድላት መመደብ አለበት። ተመልሶ የሚዘጋበት ቀንም ከመክፈቻው ቀን ጋር አብሮ ይነገር።

6. ለሠፈራ ሥራ የሚሆን ትምህርት

ከ1977 ዓ.ም. ረኃብ ጋር በተያያዘ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ 600,000 ያህል ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ እንዲሠፍር ተደረገ። መሬቱ በብዙ ስፍራ እንደ ባዶ ተቆጠረ። ለምሳሌ በመተከል፣ በጣና በለስ አካባቢ የነበረው ደን ግን ባዶ አልነበረም። የጉሙዝ ሕዝብ እያፈራረቀ የሚያርሰው፣ የሚያድንበት፣ ማርና ሥራ ሥር የሚሰበስብበት የጋራ ሀብቱ ነበር። ደኑ ሲመነጠር ሠፋሪውና ነባሩ ወደ ግጭት ገቡ። ሠፋሪው ከድርቅ አምልጦ የመጣ፣ ነባሩም የክፉ ቀን ጎተራውን ያጣ ስለነበር፣ ሁለቱም ተጎጂዎች ነበሩ።

ስለዚህ አንድ የሠፈራ ቦታ ሲጠና የአፈሩ ዓይነትና የዝናቡ መጠን መመርመሩ ብቻ አይበቃም። ማን ይጠቀምበታል? በየትኛው ወር? በየትኛው ደንብ? ደንቡንስ የሚያስከብሩት እነማን ናቸው? ተብሎ ነባሩ ሕዝብ መጠየቅ አለበት። ሠፋሪውም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የጥበቃው ተራ ተካፋይ ሊሆን ይገባል፤ መብቱን ያገኘ ግዴታውንም ይዞ እንዲገባ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. በአካባቢያችሁ ያለው የጋራ መሬት ወሰኑ የት ነው? ወሰኑን የሚያውቁት ስንት ሰዎች ናቸው?
ለ. በደንቡ ከመጠቀም የተገለለ ጎረቤት አለ? የተገለለው በምን ምክንያት ነው?
ሐ. በጥበቃ የሚውለው ሰው የሚጎድልበትን ሥራ የሚሸፍንለት ማን ነው?
መ. በሚመጣው ዓመት ዝናብ ቢቀር የተዘጋው መሬት እንዴት እንደሚከፈትና መቼ እንደሚዘጋ ዛሬ ተወስኗል?